ወፍጮውን ስለ ማዘዝ
ፕሮግራምን ከምንጩ ስለ መሥራትና ስለ ኮምፓይለር ፍላጎች፤ በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ሰዓት የቀረበ



ዛሬ የያዝነው ርእስ ደረቅ ነው ብለው አስቀድመው ያሙን አልጠፉም። ኮምፓይለር፥ ፍላግ፥ ኤረር የሚሉ ቃላት በዚህ መድረክ ከሚሰማው ግጥምና ክርክር በኋላ ሲመጡ ጆሮ እንደሚኮሰኩሱ እናውቃለን። የሆነ ሆኖ ነገሩ ቢቸናና ሞጣ ሲደርስ የአንድ ዐይነ ስውር ተማሪ የማንበብና ያለማንበብ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው፥ የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች ብቻ እርስ በርሳችን የምናወራው ሳይሆን ለሁላችሁም የሚነገር መሰለን።

ከመካከላችን አራታችን የምሥራቅ ጎጃም ልጆች ነን። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ወደየቤታችን በገባን ጊዜ በቢቸና ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህር አስጠሩን። ትምህርት ቤቱ በስጦታ ያገኛቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉት፤ ሊኑክስ ተጭኖባቸዋል፥ ሲ ፕላስ ፕላስ ለማስተማርም ኮምፓይለር አስቀድሞ ገብቶባቸዋል። በዚያው ትምህርት ቤት የሚማር ዐይነ ስውር ወጣት አለ። የመማሪያ መጻሕፍቱን የሚያነብለት ጓደኛ ሲያገኝ ያጠናል፤ ጓደኛው እርሻ ሲወጣ ወይም የራሱ ፈተና ሲደርስበት ግን ይቀመጣል። የመምህሩ ሐሳብ የታተመውን ገጽ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ አንድ ፕሮግራም፥ ጽሑፉንም በድምፅ የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም አገናኝቶ ልጁ በራሱ ጊዜ እንዲያነብ ማድረግ ነበር።

በጎጃም ዐይነ ስውር መማሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤቱና በዜማ ቤቱ በቃል ተምረው በቃል ያስተማሩ ዐይነ ስውራን መምህራን የታወቁ ናቸው፤ በትምህርቱ ስሙ የተጠራው ዲማ ጊዮርጊስም ከቢቸና ሩቅ አይደለም። የቤተ ክህነቱ ትምህርት በጆሮ ይገባ ስለ ነበር ዐይን ያጣውን ሰው ከደጅ አልመለሰውም። የዘመኑ ትምህርት ግን በወረቀት ላይ የቆመ ነው። ይህን ስንል የጥንቱን ለማወደስና የዛሬውን ለማጣጣል አይደለም፤ ወረቀቱን ወደ ጆሮ የሚመልስ መሣሪያ ካለ ለምን እንዳልደረሰ ለመጠየቅ ነው።

መሣሪያው ደግሞ አለ። ገጽ አንባቢው ቴሰራክት ይባላል። በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ገደማ ተጀምሮ በ2005 እ.ኤ.አ. ምንጩ ለሁሉ ክፍት ሆነ፤ ዛሬ የአማርኛን ፊደል የሚለይበት የተዘጋጀ ዳታ አለው። በድምፅ የሚያነበው ኢስፒክ ኤንጂ ሲሆን አማርኛ ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሁለቱም ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው። እንግዲህ ምን ጐደለ? ያልን እንደ ሆነ፥ የጐደለው መሣሪያውን እዚያ ማድረስና ከአሮጌው ማሽን ጋር ማስማማት ነው።

ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሁለት መሥመር ትእዛዝ ጽፎ ፕሮግራሙን ከነተከታዮቹ ማስመጣት ይቻላል። በአማራ ክልል ግን ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ጊዜ ተቋርጦ ስለ ነበር፥ ሰው በፍላሽ መላላክን ለምዷል። በመምህሩ እጅ የነበረውም አንድ አዲስ አበባ ያለ ወዳጃቸው በዐዲስ ላፕቶፑ ላይ ሠርቶ፥ ከነምንጩ በፍላሽ የላከላቸው የቴሰራክት 4.1.1 ፎልደር ነበር። ከሚታመን ቦታ ዝግጁ ጥቅል የሚገኝ ከሆነ እሱን መውሰድ እንደሚሻል እዚህ ላይ እንናገር። ከምንጩ መሥራት የጀግንነት ምልክት አድርገው የሚቈጥሩ ጓደኞች አሉን፤ እኛ የምንሠራው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው።

አሁን ነገሩን ለማያውቁት ወገኖች በአጭሩ እናስረዳ። ስንዴ ወይም ጤፍ ይዞ ወፍጮ ቤት የሄደ ሁሉ ባለ ወፍጮው «ለምንድን ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል። «ለእንጀራ ነው አያ፥ አልመህ ፍጭልኝ» ይባላል፤ «ለቅንጬ ነው፥ ሸርክትልኝ» ይባላል። እህሉ ሰው ጽፎ ሰው የሚያነበው ምንጭ ነው፤ ሶርስ ኮድ እንለዋለን። ወፍጮው ኮምፓይለሩ ነው። ዱቄቱ ማሽኑ የሚረዳው ፕሮግራም ነው። ለባለ ወፍጮው የምንነግረው ቃል ደግሞ ፍላግ ይባላል። ፍላግ የሚለው ቃል ከፍላጎት ጋር ዘመድ አይደለም፤ ቢሆን ግን ባልከፋ ነበር። ከዱቄት ወደ እህል መመለስ እንደማይቻል ሁሉ፥ ከተሠራው ፕሮግራምም ወደ ምንጩ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ ወዳጃቸው ምንጩን አብሮ መላኩ ትልቅ ውለታ ነበር። የፍላጎቹን ስም በንግግር እንደሚጠራው በፊደላችን ጽፈነዋል፤ በማሽኑ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ወደ ቢቸና እንመለስ። ፕሮግራሙ ሲጠራ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» የሚል አንድ መሥመር ብቻ ጽፎ ይወድቃል። ሕገ ወጥ ትእዛዝ ማለት ነው። ይህ ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ቫይረስ ነው ያሉም ነበሩ። ትርጓሜው ግን ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩን የማያውቀውን ነገር አድርግ ብሎታል ማለት ነው።

እንዴት ይታወቃል? ቀምሶ ማየት ነው። «ጂዲቢ» የሚባለውን መርማሪ ፕሮግራም አስነሥተን ወድቆ የቆመበትን ትእዛዝ አሳየን ስንለው በ«ቪ» ፊደል የሚጀምር ትእዛዝ አሳየን። እንዲህ በ«ቪ» የሚጀምሩት ብዙዎቹ ኤቪኤክስ ከሚባለው የትእዛዝ ወገን ናቸው። ኤቪኤክስ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ታናሽ ወንድሙ ኤቪኤክስ 2 በ2013 እ.ኤ.አ. መጣ። የቢቸናዎቹ ማሽኖች ኮር ቱ ዱዎ ናቸው፤ ይህ ዘር በ2006 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣ ነው። «ፕሮክ» በሚባለው ፎልደር ሥር ያለውን «ሲፒዩኢንፎ» ከፍቶ ፍላግስ ከሚለው መሥመር ላይ መፈለግም ይበቃል፤ ኤቪኤክስ የሚል ቃል በዚያ መሥመር አልነበረም።

ቀጥሎ ኮንፊግ ሎግ የሚባለውን ፋይል አነበብን። ይህ ፋይል ፕሮግራሙ በማን ማሽን፥ በምን ፍላግ እንደ ተሰናዳ ይመዘግባል፤ ሰው ሁሉ ይንቀዋል፥ እኛ ግን መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው እንላለን። ከመጀመሪያዎቹ መሥመሮች በአንዱ ላይ የተሰጠው ትእዛዝ ተጽፎ ተገኘ፤ «-ኦ3» እና «-ማርች=ኔቲቭ» ይላል። የኋለኛው ትርጓሜ «እኔ አሁን ያለሁበት ማሽን የሚችለውን ሁሉ ተጠቀም» ነው። ኮምፓይለሩም የታዘዘውን አደረገ፤ ለዐዲሱ ላፕቶፕ የሚመች ዱቄት ፈጨ። በላኪው ቤት ፕሮግራሙ ደኅና ይሠራ ስለ ነበር ችግር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የሚያሳዝነው በዚህ ፍላግ የተገኘው ጥቅም እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። የቴሰራክት ጸሐፊዎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል፤ ብዙ ስሌት የሚበላውን ክፍል ለኤቪኤክስ፥ ለኤቪኤክስ 2ና ለአሮጌውም ለየብቻ አሰናድተው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አኑረውታል፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ ፕሮሰሰሩን ጠይቆ የሚስማማውን ይመርጣል። ስለዚህ ያለ ምንም ልዩ ፍላግ ቢሠራ ኖሮ በላፕቶፑም ፈጥኖ፥ በቢቸናም ቀስ ብሎ ይሠራ ነበር። የሰው ልጅ አፈጥናለሁ ብሎ የጨመረው ቃል ነው ያቆመው። ፍላግ ከመጨመር በፊት ጸሐፊው ምን እንዳደረገ ማየት ይገባል።

መምህሩ እኛ ከመድረሳችን በፊት ነገሩን በመጽሐፍ አጥንተው የሚሻለውን ፍላግ አግኝተውት ነበር፤ «-ማርች=ኤክስ86-64»፥ ይኸውም ከ64 ቢት ፕሮሰሰሮች ሁሉ የመጀመሪያው የሚረዳውን ብቻ ተጠቀም ማለት ነው። ይህን ሲፍላግስ በሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ጽፈው ሜክ የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡ፥ ማሽኑ «የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ መለሰላቸው። ፕሮግራሙም እንደ ቀድሞው ይወድቃል። «ፍላጉ ትክክል ከሆነ ለምን አይሰማም?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው በብዙ ቦታ የሚነሣ ስለ ሆነ እንዘርዝረው።

ሲፍላግስ የሚሰማው በሲ ቋንቋ ለተጻፈ ምንጭ ነው። ቴሰራክት በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ስለ ሆነ የእሱ ተለዋዋጭ ሲኤክስኤክስፍላግስ ነው። ስሞቹ ይመሳሰላሉ፤ ማሽኑ ግን በመመሳሰል አያዝንም። ይህ ቢስተካከል እንኳ ኮንፊገር የሚባለው ደረጃ ፍላጉን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ሜክፋይል ውስጥ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በውጭ የሚነገረውን ትቶ በውስጥ የተጻፈውን ይከተላል። በዚህም ላይ ሜክ ሥራ መኖሩንና አለመኖሩን የሚያውቀው የፋይሎችን ሰዓት በማስተያየት ነው። ምንጩ ካልተነካ፥ ግማሽ ሥራው የተቀመጠበት የኦ ፋይል ካለ፥ ፍላጉ መለወጡ አይታየውም። ባለ ወፍጮ የተፈጨውን ጆንያ አይቶ «ይኸው ተፈጭቷል» እንደሚለው ነው። ስለዚህ ፍላግ ሲለወጥ አሮጌውን ሁሉ «ሜክ ዲስትክሊን» ብሎ አጽድቶ፥ ኮንፊገርን ከነዐዲሱ ፍላግ እንደገና መጥራት ይገባል።

ይህን ስናደርግ ሌላ ነገር ወጣ። ኮንፊገር ሥራውን ገና ሳይጀምር «ዐዲስ የተፈጠረው ፋይል ከመጣው ፋይል ይልቅ ያረጀ ነው፤ ሰዓትህን ተመልከት» የሚል ቃል ጽፎ ቆመ። በአሮጌ ማሽኖች ውስጥ ሰዓቱን የምትይዘው ክብ ባትሪ ስትሞት፥ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። በዚያ ማሽን ቀኑን ያስተካከለው ሰው ማንም አገሩን የሚያውቅ ሰው እንደሚያደርገው 2017 ብሎ ጽፏል። በፍላሽ የመጡት ፋይሎች ደግሞ 2025 የሚል የፈረንጅ ዓመት ተጽፎባቸዋል። ስለዚህ ማሽኑ ከስምንት ዓመት በኋላ የተጻፈ ነገር ተቀበልህ ተብሎ ግራ ገባው። ይህን ስሕተት ከሀገራችን ውጪ ያሉ የመጽሐፍ ጸሐፊዎች እንዲህ አድርገው አይገልጹትም፤ እኛ ግን አሮጌ ኮምፒዩተር ባለበት በማንኛውም የሀገራችን ትምህርት ቤት የሚያጋጥም ይመስለናል። ቀኑን በፈረንጅ አቈጣጠር አስተካክሎ መቀጠል ነው።

ቴሰራክት በዐዲሱ ፍላግ ተሠርቶ አለቀ፤ ጠራነው፤ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን»። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ተስፋ ቈርጦ ሊወጣ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን መርማሪው ፕሮግራም የወደቀበትን ፋይል ስም ጨምሮ ይነግራል፤ ሲታይ የወደቀው በቴሰራክት ውስጥ አልነበረም፤ ቴሰራክት ሥዕል ለማንበብ በሚደገፍበት ሌፕቶኒካ በሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ነበር። እሱም በዚያው ላፕቶፕ ላይ በዚያው ፍላግ የተሠራ ነው። ዱቄቱን ለውጠን እርሾውን አልለወጥንም ማለት ነው። ሌፕቶኒካ በሲ የተጻፈ ስለ ሆነ በዚህኛው ሲፍላግስ ይሠራል። ከዚህ የሚታየው አንድ ፕሮግራም በፍላግ ሲታመም አብረውት የመጡት ሁሉ መመርመር እንዳለባቸው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ እንጨምር። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ምንም ካልተነገራቸው «-ጂ» እና «-ኦ2» የሚሉትን ፍላጎች በራሳቸው ይይዛሉ፤ ሰው የራሱን ከጻፈ ግን የቀድሞው ይጣልና የተጻፈው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ «-ማርች=ኤክስ86-64» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው፥ ጸሐፊው በሌላ በኩል ካልደገመው በቀር፥ ሳያውቀው «-ኦ2»ን ሰርዟል። ፕሮግራሙ ይሠራል፥ ስሕተትም አይጽፍም፥ ነገር ግን ይንቀረፈፋል፤ ሰውየውም አሮጌውን ማሽን ይረግማል። ሁለቱን አብሮ መጻፍ ነው። «-ኦ3» እና «-ኦፋስት» የሚሉትን በሚመለከት፥ በትንሽ ማሽን ላይ የሚያስገኙት ጥቅም ተለክቶ ካልታየ በቀር መተዉ ይሻላል ባዮች ነን። በተለይ «-ኦፋስት» ከቁጥር ስሌት ሕግጋት አንዳንዶቹን እንዲተላለፍ ለኮምፓይለሩ ፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ይህን ፈቃድ መስጠት የሚገባው ፕሮግራሙን የጻፈው እንጂ የሚጭነው ሰው አይደለም።

የሌፕቶኒካ ሥራ በመካከል ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ሲመጣ ሜክ ካቆመበት ቀጠለ፤ መጨረሻ ላይ ግን «ፋይሉ የተቈረጠ ነው፥ አላውቀውም» የሚል ቃል ጻፈ። መብራቱ ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረ የኦ ፋይል ስሙ ብቻ ተፈጥሮ ባዶውን ቀርቷል፤ ሜክ ደግሞ ስሙን አይቶ «ይኸ አልቋል» ብሎ አልፎታል። መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ፈልጎ መሰረዝና ሜክን መድገም ይበቃል፤ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም። መብራት በሰዓታት ቈጥሮ በሚመጣበት ከተማ ይህን ማወቅ አንድ ሙሉ ቀን ያተርፋል።

ቴሰራክት በቢቸና ሠራ። ከዚያ የሞጣ ነገር መጣ። መንገዱ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አልፎ ሞጣ ይደርሳል፤ በዚያም አንድ ትምህርት ቤት የቢቸናውን ሰምቶ «ለእኛም» ብሏል። የሞጣዎቹ ማሽኖች በፕሮሰሰር ይሻላሉ፤ የተጫነባቸው ሊኑክስ ግን የቆየ ነው። በቢቸና የተሠራው ፕሮግራም እዚያ ሲጠራ «ጂሊብሲ 2.29 አልተገኘም» ብሎ ወደቀ። ጂሊብሲ በሊኑክስ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚቀመጡበት መሠረት ነው። ዐዲስ መሠረት ላይ የተሠራ ፕሮግራም በአሮጌው ላይ አይቆምም፤ በአሮጌው ላይ የተሠራው ግን በዐዲሱ ላይ ይቆማል። ይህን የሚያድን ፍላግ የለም። መሠረቱን ራሱን ከሌላ ማሽን ገልብጦ ማምጣትም ማሽኑን በጠቅላላ ሊያበላሽ ይችላል፤ ይህን የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ስለዚህ በሞጣ እንደ ገና ተሠራ። እዚያ ያጋጠመው የሚሞሪ ማነስ ነው፤ ማሽኑ ሁለት ጊጋ ባይት ብቻ አለው። በአንድ ጊዜ አራት ፋይል አድርገህ ፍጭ የሚለው «-ጄ4» ሲሰጠው ኮምፓይለሩ «ኪልድ» ብሎ ይሞታል። የኮምፓይለሩ ብልሽት የሚመስለው ሰው አለ፤ የገደለው ግን ሚሞሪ ያለቀበት ሊኑክስ ራሱ ነው። «-ጄ1» ብሎ አንድ በአንድ ማስፈጨትና ስዋፕ መጨመር መድኀኒቱ ነው። ሰዓታት ፈጀ። በዚያ መካከል ቡና ተፈልቶ ነበርና ማንም አላማረረም።

የሞጣው ሥራ ያስገኘው ትርፍ ሳይታሰብ የመጣ ነው። አሮጌ መሠረት ባለው ማሽን ላይ፥ በ«-ማርች=ኤክስ86-64» የተሠራው ፎልደር ተመልሶ ወደ ቢቸና ሲላክ እዚያም ሠራ። ይኸውም ለብዙ ቦታ የሚላክ ፕሮግራም መሠራት ያለበት ከሁሉ በቆየው ሊኑክስ ላይና ከሁሉ ዝቅ ባለው የፕሮሰሰር ቋንቋ ነው። ፎልደሩን ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ በተማሪው ቤት ፎልደር ለማኖር ግን አንድ ተጨማሪ ፍላግ ያስፈልጋል። «-ኤል» የሚለው ላይብረሪው የት እንዳለ የሚነግረው በሚሠራበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ በሚጠራበት ጊዜ ያ ቃል ተረስቷል። በሚጠራበት ጊዜም እንዲያስታውስ በኤልዲፍላግስ ውስጥ «-ደብሊውኤል» በሚለው በኩል «-አርፓዝ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ያልያዘ ሰው «ሸርድ ላይብረሪ አልተገኘም» የሚለውን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲያነብ ይኖራል። አስተዳዳሪ ፈቃድ ካለና ላይብረሪው በተለመደው ቦታ ከተቀመጠ «ኤልዲኮንፊግ» ብሎ አንድ ጊዜ መጥራት ይበቃል።

የቀረው ድምፁ ነበር። ኢስፒክ ኤንጂ ያለ አንድ ስሕተት ተሠርቶ አለቀ፤ ገጹ ተሰጠው፤ አነበበ፤ ምንም አልተሰማም። ስሕተት የሚናገር ማሽን ደግ ነው፤ የሚያስቸግረው ዝም የሚለው ነው። ኮንፊገር መጨረሻ ላይ ያገኘውንና ያላገኘውን ዘርዝሮ ይጽፋል፤ ከዝርዝሩ መካከል ድምፅን ወደ ማጉያ የሚያደርሰው ፒሲኦዲዮ የሚባለው ላይብረሪ አጠገብ «የለም» የሚል ቃል ነበር። ኮንፊገር ይህን እንደ ጥፋት አይቈጥረውም፤ ያለ እሱም መሠራት ይቻላልና ያልፈዋል። ላይብረሪው በእጃችን ስላልነበረ ድምፁ በመደበኛ ውጤት እንዲወጣ አዝዘን «ኤፕሌይ» ለሚባለው አጫዋች አቀበልነው። ተሰማ።

ተማሪው የመጀመሪያውን ገጽ ሰምቶ ሲጨርስ ምን ይላል ብለን ጠበቅን። «ጋሼ፥ ይህ ሰውዬ ያገራችን ሰው አይደለም» አለ መምህሩን፤ «ግን ያነባል። ድገመው በሉት» አለ። እውነቱን ነው። በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም፤ «አለ» ተብሎ ሲጻፍ ተናገረ ይሁን ተገኘ የሚያውቀው አንባቢው ነው፤ ማሽኑ ይህን ብዙ ጊዜ ይስተዋል። ገጹ ሲደበዝዝም የካዕቡና የሣልሱ ቅጥያ ከገጽ አንባቢው ይሰወራል። ተማሪው ግን በሁለት ቀን ውስጥ የማሽኑን አነጋገር ለምዶ፥ የት እንደሚሳሳት አውቆ፥ በልቡ እያረመ መስማት ጀመረ። በኋላ በጣም ፈጥኖ እንዲያነብለት አዝዞት እኛ አንድ ቃል ሳንይዝ እሱ የታሪኩን ምዕራፍ ጨርሶ ነበር።

አሁን ከቢቸናና ከሞጣ ወጣ ብለን አንድ ነገር ለመምህራኖቻችን እናቅርብ። በ2020 እ.ኤ.አ. የ64 ቢት ፕሮሰሰሮች በአራት ደረጃ ተከፍለው ስም ተሰጣቸው፤ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለርም በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 11ኛ እትሙ ደረጃዎቹን እንደ ፍላግ መቀበል ጀመረ። ኮር ቱ ዱዎ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚቀር ነው፤ ሁለተኛውን አያሟላም። ሬድ ሀት የተባለው ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው 9ኛ እትሙ ሁለተኛውን፥ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው 10ኛ እትሙ ሦስተኛውን ደረጃ ዝቅተኛ መለኪያ አድርጓል። ለድርጅቱ ደንበኞች ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በስጦታ የሚመጡልን ማሽኖች ሌላው የጣላቸው ስለሆኑ፥ መለኪያው ከፍ ባለ ቁጥር በትምህርት ቤቶቻችን ያሉት ያለ ፕሮግራም ይቀራሉ፤ አንድ ፍላግ ዝቅ አድርጎ ከምንጩ የሚሠራ ሰው እስካለ ድረስ ግን ብዙዎቹ ገና ያገለግላሉ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኮምፓይለር አሠራር በሰሌዳ እንማራለን፤ የሌላውን ሰው ፕሮግራም አውርዶ፥ ኮንፊግ ሎግ አንብቦ፥ የወደቀበትን ትእዛዝ ፈልጎ ማቃናት ግን የትኛውም ኮርስ ውስጥ የለም። አንድ የላቦራቶሪ ሰዓት ቢሰጠው ብለን እንጠይቃለን። ማሽኑንም ከክፍሉ ዕቃ ቤት ከተቀመጡት አሮጌዎቹ መካከል እንዲሆን እንመርጣለን።

አንድ ሁለት ነገር ለሥራው እንጨምርና እንውረድ። በአሮጌው ሊኑክስ ላይ የተሠራው የቴሰራክት፥ የሌፕቶኒካና የኢስፒክ ኤንጂ ፎልደር ከነምንጩና ከአማርኛው ዳታ ጋር በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የተሰጠው ፍላግ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ አብሮ ተቀምጧል፤ ፍላሽ ይዛችሁ መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ፒሲኦዲዮ ላይብረሪውንም ያገኘ ሰው ያምጣልን። የሞጣዎቹ ኮምፒዩተሮች ደግሞ የሰዓት ባትሪያቸው ገና አልተለወጠም፤ ባትሪው ሲአር 2032 የሚባለው ክቡ ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ ጓደኛ ካለ ሦስት ይዞ ይሂድልን።